የኮሚክስ አርታኢ፣ አስተማሪና የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ለመሆን፦ ከረቂቅ ንድፍ እስከ ግድግዳ

የኮሚክስ (በተከታታይ ሣጥኖች በሥዕልና በጽሑፍ የሚተረክ ታሪክ) አርታኢ ሥራውን የሚጀምረው ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት ነው። ብዙ ሰው አርታኢ ሲባል ያለቀ ገጽ ላይ የፊደል ግድፈት የሚለቅም ሰው ይመስለዋል። ያለቀ ገጽ ላይ ግን ከፊደል በስተቀር በቀላሉ የሚነካ ነገር የለም። ፓነሉ፣ ማለትም እያንዳንዱ የሥዕል ሣጥን፣ ቦታውን ከያዘና ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የሚመጣ አስተያየት ትክክል ቢሆን እንኳ ሠዓሊውን ከማስመረር አያልፍም። አርታኢው፣ አስተማሪውና ዐውደ ርእይ አዘጋጁ የሚከታተሉት አንድ ነገር ነው፤ የአንባቢው ዓይን ገጹ ላይ በየት ገብቶ፣ በየት አልፎ፣ በየት እንደሚወጣ። ይህን ማየት የለመደ ሰው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገር አይከብደውም።

ሦስቱን ደርቦ መያዝም በሙያው የተለመደ ነው። ፍራንሷዝ ሙሊ ኒው ዮርክ ውስጥ መኖሪያዋ ድረስ ማተሚያ ማሽን አስገብታ ኅትመትን በእጇ ተማረች፤ ማርቭል ለተባለው የኮሚክስ አሳታሚ ገጾች ቀለም ቀባች፤ በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባለቤቷ ከአርት ስፒገልማን ጋር ሮው የተባለውን መጽሔት መሠረተች፤ በ1993 የኒው ዮርከር መጽሔት የሥዕል አርታኢ ሆነች፤ በ2008 ደግሞ ለጀማሪ አንባቢ ሕፃናት የሚያሳትመውን ቱን ቡክስን አቋቋመች። ካረን በርገር በ1979 ዲሲ ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ ዘንድ የገባችው በረዳትነት ነበር፤ በ1993 ቨርቲጎ የተባለውን ክፍል ማስተዳደር ጀመረች። ሁለቱም ከታች፣ ከሥራው ጓዳ ነው የጀመሩት። አማርኛ ላይ ለመሥራት የሚፈልግም ከዚያው ቢጀምር ይሻላል፤ ፊደል በማስፈር፣ የጓደኛን ሥራ በማረም፣ ለትምህርት ቤት ክበብ መጽሔት በማዘጋጀት። ሥራ ሲጠየቅ የሚታየውም ይኸው ነው። የሦስት ወይም የአራት ገጾች ረቂቅ፣ የሰጣችሁት አስተያየትና የመጨረሻው ገጽ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በላይ ይናገራሉ።

ጽሑፉ ሲመጣ

መጀመሪያ ገጽ ቁጠሩ። በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፤ 16፣ 20፣ 24፣ 32። ደራሲው 22 ገጽ ጽፎ ከሆነ ሁለቱ ገጾች በምን እንደሚሞሉ ዛሬውኑ ወስኑ። የውስጥ ርእስ ወይም ማስታወቂያ ኋላ መሀል ላይ ሲገባ የቀኝ ገጽ ግራ፣ የግራ ገጽ ቀኝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ታሪኩ ይበላሻል። ምክንያቱም አስደንጋጭ ነገር መቀመጥ ያለበት ገጽ ተገልብጦ በሚታየው በግራው ገጽ አናት ላይ ነው። ጥያቄው በቀኙ ገጽ የመጨረሻ ፓነል ይነሣል፤ መልሱ ሲገለበጥ ይመጣል። መልሱ በቀኝ ገጽ ላይ ከወደቀ አንባቢው የግራውን ሳይጨርስ በዓይኑ ጥግ ያየዋል።

ቀጥሎ በየፓነሉ የተጻፈውን ድርጊት ተመልከቱ። አንድ ፓነል አንድ ድርጊት ብቻ ይሸከማል። «በሩን ከፍቶ ገባ፣ ካፖርቱን አወለቀ፣ ደብዳቤውን አየና ተቀመጠ» የሚል መግለጫ አራት ፓነል ነው፤ ሠዓሊው በአንዱ ጨምቀህ ሣል ቢባል ሦስቱን ይጥላል። በገጽ አምስት ወይም ስድስት ፓነል ደህና አማካይ ነው። ዘጠኝ ሲደርስ በኤ5 (የኤ4 ግማሽ) መጠን ላይ ፊት መለየት ያስቸግራል።

የቃል ብዛትም አለ። በእንግሊዝኛ ሲሠራ የቆየው ልማድ በፓነል እስከ 35 ቃል፣ በገጽ 210 ገደማ ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ስሕተት ነው። «አልነገርኳችሁም» አንድ ቃል ሲሆን የሚይዘው ቦታ ግን የሦስት ነው። በአማርኛ በፓነል 20፣ በገጽ ከ110 እስከ 120 ቃል ላይ ብትቆሙ ፊኛው (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ሥዕሉን አይውጠውም።

ሌላው የአማርኛ አርታኢ ብቻ የሚያየው ነገር አንተ፣ አንቺና እርስዎ ነው። ልጁ አባቱን በገጽ 4 «እርስዎ» ብሎ በገጽ 11 «አንተ» ካለ አንባቢው በመሀል ጠብ እንደተፈጠረ ይገባዋል። ጠቡ ታሪኩ ውስጥ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ግድፈት ነው። ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ ጽሑፍ ላይ ይህ በየገጹ ያጋጥማል። ሥራው እንደተጀመረ አንድ ወረቀት ላይ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ በሠንጠረዥ ጻፉ፤ ከሥሩም የስሞችን አጻጻፍ አስፍሩ። በገጽ 3 «ፀሐይ» የተባለችው ልጅ በገጽ 17 «ጸሀይ» እንዳትሆን የሚጠብቀው ያ ወረቀት ነው።

ረቂቅ ንድፉ፦ ዋናው ቦታ

ለአርትዖት ካላችሁ ጊዜ ግማሹን እዚህ ላይ አውሉት። ሠዓሊው ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባላቸው ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ሙሉውን ታሪክ ይንደፍ፤ ሰው በዱላ ቅርጽ ቢሣልም ይበቃል፤ ፊኛዎቹ ግን የግድ በቦታቸው መኖር አለባቸው። ገጽ በገጽ አትቀበሉ። ሁሉም በአንድ ላይ ይምጣ፤ ግራና ቀኝ ገጾች ጥንድ ጥንድ ሆነው ኤ3 ወረቀት ላይ ይታተሙና ግድግዳ ላይ ይለጠፉ።

ከዚያ ሁለት ፈተና አድርጉ። በመጀመሪያው ጽሑፉን ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ ተከተሉ፤ ማን የት እንዳለና ምን እንደተለወጠ ካልገባ ሥዕሉ ሥራውን አልሠራም። በሁለተኛው ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ጥሩና በጣቱ እየተከተለ እንዲያነብ ጠይቁ። ምንም አታስረዱ፤ ጣቱን ብቻ እዩ። ጣቱ የሚያመነታበት ቦታ ላይ ስሕተት አለ፤ ሰውየው «ገብቶኛል» ቢልም አለ።

ጣት የሚያመነታው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች በአንዱ ነው። አንደኛው፣ መጀመሪያ የሚናገረው ሰው በቀኝ ቆሞ ሲገኝ ነው። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ የመጀመሪያው ፊኛ ከላይ በግራ መሆን አለበት፤ ተናጋሪው በቀኝ ከሆነ የፊኛዎቹ ጭራዎች ይጠላለፋሉ። መፍትሔው ሰዎቹን ማቀያየር ነው፤ በረቂቅ ላይ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ በግራ ሁለት ትንንሽ ፓነሎች ተደራርበው በቀኝ አንድ ረጅም ፓነል ሲቆም ነው። ዓይን ከላይኛው ትንሽ ፓነል ቀጥ ብሎ ወደ ረጅሙ ይሻገራል፤ የታችኛው ሳይነበብ ይቀራል። ረጅሙን ወደ ግራ አምጡት፤ ካልሆነም ተደራራቢዎቹን እርስ በርስ አቀራርባችሁ ከረጅሙ የሚለያቸውን ክፍተት አስፉት። ሦስተኛው፣ ትዕይንቱ ሲጀምር ቦታውን የሚያሳይ ሰፊ ፓነል አለመኖሩ ነው። አንባቢው ፊት ብቻ እያየ ሁለት ገጽ ከሄደ ሰዎቹ ቤት ይሁኑ ታክሲ ውስጥ አያውቅም።

አስተያየት ስትሰጡ አንባቢው ላይ የሚደርሰውን ንገሩ እንጂ አሣሣሉን አትዘዙ። «7.3 ላይ ልጅቷ ደብዳቤውን እንዳየችው አልታወቀኝም» ማለት ይበቃል (7 ገጹ፣ 3 ፓነሉ ነው)። «እጇን ወደ ግራ አዙርና ጭንቅላቷን ዝቅ አድርግ» ካላችሁ ሠዓሊው ሊያመጣ የሚችለውን የተሻለ መፍትሔ ዘጋችሁበት። ሁሉንም በአንድ ሰነድ፣ በአንድ ጊዜ ላኩ። በየቀኑ በቴሌግራም የሚንጠባጠብ አስተያየት ሠዓሊውን ያዝላል፤ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደመጣም ይጠፋል። ለረቂቁ ሁለት ዙር፣ በእርሳስ ለተሣለው ገጽ አንድ ዙር ይበቃል። በጥቁር ቀለም ከወጣ በኋላ የሚነካው ግልጽ ስሕተት ብቻ ነው፤ በግራ እጅ የነበረ ሰዓት ወደ ቀኝ መዞሩን የመሰለ።

ፊደል፣ ፊኛና ድምፅ

በአማርኛ ኮሚክስ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

የፊደል መጠን በኤ5 ገጽ ላይ ከ8.5 ነጥብ አይውረድ፤ ለሕፃናት ከሆነ 11 ወይም 12 ይሁን። ከዚያ ሲያንስ «ሱ» እና «ሲ»፣ «ቡ» እና «ቢ» አይለዩም፤ ልዩነታቸው ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናትና። ርካሽ ወረቀት ላይ ቀለም ሲሰፋ ያቺ ጭረት ትዋጣለች። የ«ጭ» እና የ«ጩ» ውስጥም ይደፈናል። ምርጫችሁን በስክሪን ላይ አትወስኑ፤ አንድ ገጽ በሚታተምበት ወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ አሳትማችሁ ክንድ ርቀት ላይ አንብቡት።

የአማርኛ ቃል ስለሚረዝም ፊኛው ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ሰፋ ማለት አለበት። ከእንግሊዝኛ የመጣ ጠባብ ፊኛ ውስጥ አማርኛ ሲገባ ቃሉ መሀል ለመሀል ይቆረጣል፤ «እንደማይ» በአንድ መስመር፣ «መጡልን» በሌላው። ይህን አትፍቀዱ፤ ወይ ፊኛውን አስፉት ወይ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት። በአንድ ፊኛ ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት መስመር አትለፉ፤ የላይኛውና የታችኛው መስመር አጠር፣ የመሀሉ ረዘም ይበል። በጽሑፉና በፊኛው ጠርዝ መካከል የአንድ ፊደል ስፋት ያህል አየር ይቅር።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። አጽንዖት ለመስጠት ፊደሉን ማጋደም ደግሞ ያበላሸዋል፤ ሁሉም ፊደል የሚወድቅ ይመስላል። ደማቅ አድርጉት ወይም ከፍ አድርጉት። በሥዕሉ ውስጥ በፊደል የሚሣል ድምፅ ላይ ግን አማርኛ የታደለ ነው። «ዷ»፣ «ጓ»፣ «ሽው» በአንድና በሁለት ፊደል ያልቃሉ፤ አንዱን ፊደል የፓነሉን ሩብ እስኪይዝ አግዝፎ በእጅ መሣል ይቻላል። ማስረዘም ሲፈለግ የመጨረሻው ፊደል ይደገማል፦ «ኧረረረ»። ድምፁን በኮምፒውተር ፎንት ከመለጠፍ ሠዓሊው ራሱ በረቂቁ ላይ ቢሠራው ሁልጊዜ ይሻላል፤ የሥዕሉ አካል ነውና።

ፎንቱ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሰያየም) ይሁን። በቆየ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ጽሑፉን ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ (አውትላይን) ለውጡት፤ ያልተለወጠውን ፋይል ለእርማት ለይታችሁ አስቀምጡ።

ሥራው ወደ ዕብራይስጥ ወይም ዐረብኛ የሚተረጎም ከሆነ ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሆን ገጹ እንደ መስታወት ይገለበጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ግራኝ ይሆናል፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለ የሱቅ ታፔላም ተገልብጦ ይነበባል። ይህ እንደሚመጣ የሚታወቅ ከሆነ ፊኛዎች፣ ታፔላዎችና ድምፆች ከመጀመሪያው በተለየ ሌየር (በፋይሉ ውስጥ ለብቻው በሚነሣ ንብርብር) ላይ ይሠሩ።

ማተሚያ ቤት

በጥቁር ብቻ የተሠራ ሥዕል 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ወይም ከዚያ በላይ፣ ባለ ቀለም 300 ዲፒአይ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፦ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር)። ከመቁረጫው መስመር ውጪ በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ፤ ጽሑፍ ደግሞ ከመቁረጫው 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ። ፊደሉ በጥቁር 100 በመቶ ብቻ ይሁን። በአራቱ ቀለም ከተሠራ የማተሚያ ሳህኖቹ በፀጉር ያህል ሲዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ሰፊ ጥቁር ሰማይ ወይም ግድግዳ ግን በጥቁር ብቻ ሲታተም ግራጫ ይመስላልና አራቱን ቀለሞች በቅደም ተከተላቸው 60፣ 40፣ 40፣ 100 በመቶ አድርጉት። ሙሉው ከመታተሙ በፊት የታጠፈና የተሰፋ አንድ ናሙና ጠይቁ፤ የገጽ ቅደም ተከተል ስሕተት በፒዲኤፍ ላይ ሁልጊዜ አይታይም።

ማስተማር

ሙያው በትምህርት ቤት መሰጠት ከጀመረ ቆይቷል። የኮሚክስ ሠዓሊው ጆ ኩበርት በ1976 በኒው ጀርሲ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኒው ዮርክ ስኩል ኦፍ ቪዥዋል አርትስ ሌላው የኮሚክስ ሠዓሊ ዊል አይዝነር አስተምሯል፤ በቨርሞንት ሴንተር ፎር ካርቱን ስተዲስ በ2005 ሥራ ጀመረ። ለመጀመሪያ ክፍል ግን የሚያስፈልገው ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስ፣ 0.5 ጥቁር ብዕር፣ መቀስና ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። 12 ተማሪ ለአንድ አስተማሪ ደህና ነው፤ ከ16 ካለፈ የሁሉንም ወረቀት ማየት አይቻልም።

በመጀመሪያው ሰዓት «መሣል አልችልም» የሚለውን የሚያስረሳ ልምምድ ስጡ። ቡና ማፍላትን በአራት ፓነል ያሳዩ፤ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናው እሳት ላይ፣ መቅዳት። ሰዎቹ በዱላ ቅርጽ ይሣሉ። ሲጨርሱ አንዱን ፓነል በእጃቸው ይሸፍኑና ጎናቸው ያለው ያንብብ። መውቀጡ ቢሸፈን ማንም አይቸገርም፤ አንባቢው ራሱ ይሞላዋል። መቅዳቱ ቢሸፈን ግን ታሪኩ አያልቅም። በፓነሎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ በፍጥነት የሚያስረዳ ልምምድ የለም። ቀጥሎ ያንኑ አራት ፓነል እንደገና ያሠሯቸው፤ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ እጅ ብቻ፣ አንዱ ከላይ። ጀማሪ ሁሉ አራቱንም ከአንድ ርቀት ስለሚሥል ይህን ሳያስገድዱ ማለፍ አይበጅም።

እዚህ ላይ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን የሚተርከውን የአገራችንን ሥዕል ማሳየት ይጠቅማል። ተማሪው ፓነል ከውጭ የመጣ ነገር እንዳልሆነ ያያል፤ ጽሑፉ ከሥዕሉ ውጪ ሲሰፍርና ፊኛ ውስጥ ሲገባ ምን ልዩነት እንዳለውም ይወያይበታል።

በሁለተኛው ሰዓት ከአንድ ኤ4 ባለ 8 ገጽ መጽሔት ይሥሩ። ወረቀቱን አግድም አስቀምጡት፤ ለስምንት እኩል ሣጥኖች እጠፉት (አራት ወደ ጎን፣ ሁለት ወደ ታች)። ከፍታችሁ በመሀለኛው አግድም መታጠፊያ ላይ ሁለቱን የመሀል ሣጥኖች ብቻ ቁረጡ፤ ዳርና ዳሩ አይነካ። በርዝመቱ አጥፋችሁ ከሁለት ጫፍ ወደ መሀል ስትገፉት ተከፍቶ መስቀል ይሠራል፤ ያን ስታጥፉት 7.4 በ10.5 ሴንቲ ሜትር መጽሔት ይሆናል። ሲዘረጋ የታችኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 6፣ 7፣ 8፣ 1 ነው፤ የላይኛው ደግሞ 5፣ 4፣ 3፣ 2 ሆኖ ይገለበጣል። ተማሪዎች ይህን በቃል ከሚይዙ መጀመሪያ አጥፈው በእርሳስ ገጽ ቁጥር ይጻፉ፣ ከዚያ ይዘርጉት፤ ስሕተት አይፈጠርም።

አንድ ደንብ አጥብቁ፦ ጽሑፉ በፊት፣ ሥዕሉ በኋላ። ሥዕሉን አስቀድሞ የጨረሰ ልጅ ፊኛውን ጥግ ላይ ያጣብቀዋል፤ ወይም የሰውየውን ፊት ይሸፍነዋል። ሌላው ጣጣ ፎቶ ኮፒው ነው። እርሳስ ደብዝዞ ይወጣል፤ ማሽኑም የወረቀቱን ዳር 5 ሚሊ ሜትር ገደማ አያነብም። ስለዚህ በጥቁር ብዕር ይውጣ፤ ከዳርም ይራቁ። የልጆቹን ሥራ ለማሳተም ወይም በኢንተርኔት ለማውጣት ከወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይወሰድ።

ዐውደ ርእይ

የሥዕል ዐውደ ርእይ ያዘጋጀ ሰው ኮሚክስ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሳሳተው ምርጫው ላይ ነው። ከየሥራው በጣም ያማረውን አንድ ገጽ መርጦ ይሰቅላል። ያማረ ገጽ ለብቻው ታሪክ አይናገርም። ከአሥር ሠዓሊ አንዳንድ ገጽ ከማሳየት ከአምስት ሠዓሊ ተከታታይ አራት አራት ገጽ ማሳየት ይበልጣል፤ ከጎኑም የአንዱን ገጽ ረቂቅ፣ እርሳስና የታተመ ቅጂ አስቀምጡ። ተመልካች ረዘም አድርጎ የሚቆመው እዚያ ጋ ነው።

ተመልካቹ እንደሚያነብ አትርሱ፤ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። የክፈፉ መሀል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ለልጆች ከሆነ 125። ተከታታይ ገጾችን አቀራርቡ፣ በሁለት ሥራዎች መካከል ግን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይቅር፤ አለዚያ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ መስሎ ይነበባል። የግድግዳ ማብራሪያ ከ80 ቃል አይለፍ።

ኦሪጅናል ገጽ ስስ ነገር ነው። ማርከር በብርሃን ቶሎ ይገረጣል፤ ተለጥፎ የቆየ ፕላስተር ቡናማ እድፍ ይተዋል። ብርሃኑ ገጹ ላይ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አካባቢ ይሁን፤ አንድ ገጽ በዓመት ከሦስት ወር በላይ ባይሰቀል ይመረጣል። የአዲስ አበባ የቀን ፀሐይ በመስኮት የሚገባበት አዳራሽ ከሆነ መስኮቱ በመጋረጃ ይዘጋ። በክረምት የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይጀምራል፤ ክፈፉን ከውጭ ግድግዳ ጥቂት አርቃችሁ ስቀሉት። ገጹን በምንም ዓይነት ፕላስተር አታጣብቁ፤ አራት የወረቀት ማዕዘኖች ይያዙት። በመስተዋቱና በገጹ መካከል ከአሲድ ነጻ የሆነ የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ ቀለሙ መስተዋት ላይ እንዳይጣበቅ። በታብሌት የተሠራ ሥራ ኦሪጅናል ስለሌለው ሌየሮቹን በየተራ የሚያሳይ ስክሪን ማቆም ከትልቅ ኅትመት የበለጠ ያስተምራል።

የጥሩ አሰቃቀል ልምድ ለማየት በኮለምበስ ኦሃዮ የሚገኘው ቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም (በ1977 የተመሠረተው) እና በእስራኤል ሆሎን ከተማ ያለው የካርቱን ሙዚየም ይጎብኙ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ነጻ የአንባቢ ካርድ አውጥታችሁ ከ100 ሺህ የሚበልጥ የኮሚክ መጽሔት ያለበትን ስብስብ በንባብ ክፍሉ መጠቀም ትችላላችሁ።

ውልና ርክክብ

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሥራ ላይ ነው። የገጹ ባለቤት መሆንና የማባዛት መብት መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኦሪጅናሉን የገዛ ሰው ቢያውሳችሁም ለፖስተርና ለካታሎግ የመብቱን ባለቤት ፈቃድ ጠይቁ። የአርትዖት ውል ላይ የእርማት ዙሮች ብዛት፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ዙር የሚከፈለው፣ የርክክብ ቀንና የአርታኢው ስም በመጽሔቱ ላይ የሚወጣበት ቦታ ይጻፍ። ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፤ ረቂቅ ሲጸድቅ፣ ፊደል ሲያልቅ፣ ፋይሉ ማተሚያ ቤት ሲገባ። በመጨረሻ ላይ ብቻ ለመቀበል የተስማማ አርታኢ ሠዓሊው ሲዘገይ አብሮ ይራባል።

ለዐውደ ርእይ የሚዋሱ ገጾች እያንዳንዳቸው ሲመጡ ፊትና ጀርባቸው ፎቶ ይነሣ፤ ያለ እድፍ፣ መታጠፍና ቀዳዳ በጽሑፍ ይመዝገብና አዋሹ ይፈርምበት። ስትመልሱም ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ገጹን ከአዋሹ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ ሁለታችሁም ሳትፈርሙ ከክፍሉ አትውጡ።